የአንድ ቆርቆሮ ሙሉ የእንግሊዝ ብር፦ 158 ሳንቲሞችን የመለየትና ዋጋቸውን የመገመት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ የመጀመሪያው ቀን

እዚህ ለንደን ውስጥ እማማ ብዬ የምጠራቸው ጎረቤቴ ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ለዘጠኝ ዓመት ያስታመሟቸው እንግሊዛዊት ባልቴት ሲያርፉ ቤተሰቡ ለመታሰቢያ የሰጣቸው ሲሆን፣ በውስጡ በጨርቅ የተቋጠሩ አሮጌ ሳንቲሞች ሞልተውበታል። ከሳምንት በፊት አንድ አሮጌ ወርቅና ብር ገዢ በስልክ አነጋግረው ኖሯል። ሰውዬው ሳያይ «ከ1947 በፊት የታተመውን ሁሉ እንደ ግማሽ ብር ቆጥሬ በግራም እወስዳለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን አልፈልግም» ብሏቸዋል። «ልስጠው እንዴ ልጄ? አንተ እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለህና እስቲ መጀመሪያ እየው» አሉኝ። ለሰውዬው መልስ ሳይሰጡ ሁለት ሳምንት እንዲታገሱኝ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ።

«በሎሚና በአመድ ፈትጌ ላመጣልህ ነበር፤ ጊዜ አጣሁ እንጂ» ሲሉኝ ግን ደነገጥኩ። ጊዜ ማጣታቸው ጠቅሟቸዋል። የጆሮ ጉትቻና የአንገት መስቀል በሎሚና በአመድ ቢወለወል የሚጎዳው ነገር የለም፤ ለመልበስ ነውና ማብረቅረቁ ይፈለጋል። አሮጌ ሳንቲም ግን ሌላ ነው። በላዩ ላይ ያለው ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥላ ብሩ ከአየር ላይ ድኝ እየሳበ የሠራው ስስ ልባስ ሲሆን፣ ሲፈተግ ልባሱ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለው የብሩ የላይኛው ገጽ ጭምር አብሮ ይነሣል። ሰብሳቢዎች የተፈተገን ሳንቲም ከሩቁ ያውቁታል፤ ዋጋውንም ወዲያው ይቀንሳሉ። ስለዚህ በዚህ ሥራ ውስጥ ምንም አላጥብም፣ ምንም አልፈትግም።

ያዘጋጀሁት መሣሪያ ቀላል ነው። የግራምን መቶኛ የሚያነብ ትንሽ ሚዛን፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ማግኔት፣ የሚሊሜትር መለኪያ፣ የወረቀት ፖስታዎችና አንድ የጠረጴዛ መብራት አለኝ። ሳንቲሞቹን በጠርዛቸው እየያዝኩ በለስላሳ ጨርቅ ላይ ዘረጋኋቸውና ቆጠርኳቸው፤ 158 ናቸው። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቅዳሜ ማታ

ከመለየቱ በፊት የድሮው የእንግሊዝ ገንዘብ አከፋፈል በደንብ መታወቅ አለበት። አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ ነበር፤ አንድ ሽልንግ ደግሞ 12 ፔንስ። ከብር የሚታተሙት ዋና ዋናዎቹ ትሪፔንስ ማለትም ሦስት ፔንስ፣ ሲክስፔንስ ማለትም ስድስት ፔንስ፣ ሽልንግ፣ ሁለት ሽልንግ የሆነው ፍሎሪን፣ ሁለት ሽልንግ ከስድስት ፔንስ የሆነው ሐፍ ክራውንና አምስት ሽልንግ የሆነው ክራውን ናቸው።

ለእኔ ሥራውን ሁሉ ያቀለለልኝ በ1816 የወጣው የክብደት ደንብ ነው። በዚያ ዓመት እንግሊዝ የብር ገንዘቧን እንደ አዲስ ስታሳትም፣ ከአንድ ትሮይ ፓውንድ ስተርሊንግ ብር (ይህ ፓውንድ ገንዘቡ ሳይሆን የብር ክብደት መለኪያ ነው፤ 373.24 ግራም) 66 ሽልንግ እንዲወጣ ተወሰነ፤ ከዚያ በፊት የሚወጣው 62 ሽልንግ ነበር። ስለዚህ አንዱ ሽልንግ 5.655 ግራም ሆነ፤ ሌሎቹም ሁሉ በዚሁ ልክ ተሠሩ። ሲክስፔንሱ የሽልንጉ ግማሽ 2.83፣ ፍሎሪኑ እጥፉ 11.31፣ ሐፍ ክራውኑ 14.14፣ ክራውኑ 28.28 ግራም ይመዝናል። ለእኛ አገር ሰው መጠኑን ለማስታወስ፣ ክራውን ከጠገራ ብር ጋር በክብደት ሊተካከል ምንም አይቀረው፤ ጠገራው 28.07 ግራም ነውና። እንግዲህ ሳንቲሞቹ ምንም ቢደባለቁ የዋጋቸውን ድምር በሽልንግ ቆጥሬ በ5.655 ባባዛው ሊመዝኑ የሚገባቸውን አገኛለሁ ማለት ነው። ሚዛኑ ከዚያ በጣም ከጎደለ ወይ እጅግ አርጅተዋል፣ ወይ በመካከላቸው የማይመለከተው እንግዳ ገብቷል።

እሑድ

ዛሬ ሙሉ ቀን በዓመተ ምሕረታቸው ለየኋቸው። ሦስት ክምር አደረግሁ፤ ከ1920 በፊት፣ ከ1920 እስከ 1946፣ ከ1947 ወዲህ።

ይህ አከፋፈል ዘፈቀዳዊ አይደለም። ስተርሊንግ የሚባለው ብር ከሺው 925 እጅ ንጹሕ ብር ሲሆን ቀሪው መዳብ ነው፤ የእንግሊዝ ብር ሳንቲምም ለረጅም ዘመን በዚህ ልክ ሲታተም ኖሯል። ከላይ ባለው ደንብ ከአንድ ትሮይ አውንስ ስተርሊንግ፣ ማለትም ከትሮይ ፓውንዱ አሥራ ሁለተኛ እጅ፣ የሚወጣው ገንዘብ 66 ፔንስ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የብር ዋጋ አሻቅቦ በየካቲት 1920 ለንደን ላይ አንዱ አውንስ 89 ፔንስ ተኩል ደረሰ። ገንዘቡ ላይ የተጻፈው 66፣ ብሩ ሲቀልጥ የሚያወጣው 89 ተኩል ሆነ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ገንዘብ ደግሞ በገበያ ላይ አይቆይም። መንግሥት በዚያው ዓመት ሕግ አውጥቶ ብሩን ወደ ግማሽ ዝቅ አደረገው፤ ከሺው 500። በ1947 ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ በብድር የመጣው ብር መመለስ ስለነበረበት ብሩ ከመገበያያው ሳንቲም ጨርሶ ወጣና በመዳብና በኒኬል ቅይጥ ተተካ።

እንግዲህ ገዢው «ከ1947 በፊት ያለውን ሁሉ እንደ ግማሽ ብር» ያለው ነገር የ1920ውን ድንበር ዘልሎታል። ሳያውቅ ቀርቶ ይሁን ሆን ብሎ እኔ ልፈርድ አልችልም፤ ግን ያ የተዘለለ ድንበር በዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ስንት ግራም ብር እንደሚያወጣ በቁጥር ማሳየት የዚህ ማስታወሻ ዋና ጉዳይ ሆኖብኛል።

የዛሬው ውጤት፦ ከ1920 በፊት 28፣ ከ1920 እስከ 1946 ድረስ 88፣ ከ1947 ወዲህ 41፤ አንድ ሐፍ ክራውን ደግሞ የመጨረሻ አኃዙ ስለጠፋ ለብቻው ተቀመጠ።

በእጅ እየነካኩ ሲውሉ ልዩነቱን ዓይን ራሱ ይለምደዋል። ስተርሊንጉ ሲያረጅም ነጭና ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ከ1920 እስከ 1922 ባለው ጊዜ የታተሙት ግን በብሩ ላይ 40 እጅ መዳብና 10 እጅ ኒኬል የተቀላቀለባቸው ናቸውና፣ የላይኛው ነጭ ገጽ ሲበላ ከሥሩ ቢጫማ ወደ ቡናማ የሚወስድ ቀለም ብቅ ይላል። አንድ የ1921 ሽልንግ ላይ የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ጉንጭ እንደ ሻይ ነጠብጣብ ሆኖ አየሁት። ማተሚያ ቤቱም ይህን ስላልወደደው ቅይጡን ኋላ ላይ ሁለት ጊዜ ለውጦታል።

ሰኞ

ከሥራ ስመለስ ሁሉንም በማግኔት ፈተንኩ። አንድም የተሳበ የለም። ይህ የሚያረጋግጠው ከብረት የተሠራ ሐሰተኛ አለመኖሩን ብቻ ነው፤ የመዳብና የኒኬሉ ቅይጥም በማግኔት አይሳብምና ብር ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ማክሰኞ

የሁለተኛውን ክምር በየዓይነቱ መዘንኩ። ሐፍ ክራውኖቹ ሊመዝኑ ከሚገባቸው ወደ 2 በመቶ ያህል ጎድለዋል፤ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ከኪስ ኪስ ለዞረ ገንዘብ የተለመደ ነው። 18ቱ ፍሎሪኖች ግን 203.6 ግራም መምዘን ሲገባቸው 196.1 ብቻ ሆኑ። ወደ 4 በመቶ ሊጠጋ ትንሽ የቀረው ጉድለት ነው። ፍሎሪን ከሐፍ ክራውን እጥፍ ሊያልቅ የሚችልበት ምክንያት ስላልታየኝ አንድ በአንድ መዘንኳቸው። አሥራ ሰባቱ ከ11 ግራም ብዙ አልራቁም። አንዱ 7.7 ግራም ነው!

መነጽሩን አንሥቼ ዙሪያውን አነበብኩ። ከላይ የንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ስም አለ፤ ዓመቱ 1942 ነው፤ በጀርባው ግን ከተራሮች ፊት የቆመ አንበሳና «ኢስት አፍሪካ፣ ዋን ሽልንግ» የሚል ጽሑፍ ጠቁሮ ይታያል። የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነው። ስፋቱ 28 ሚሊሜትር ስለሆነ ከፍሎሪን ጋር ይመሳሰላል፤ እኔም እሑድ ዕለት የንጉሡን ስምና ዓመቱን ብቻ እያየሁ ስቸኩል የዙሪያውን ጽሑፍ ሳላነብ አለፍኩት። ብሩ ከሺው 250 ብቻ ነው፤ ደንበኛ ክብደቱ 7.78 ግራም።

ይህን ሳንቲም ከእማማ በፊት የነበረው የእኛ አገር ትውልድ በደንብ ያውቀው ነበር። ጣሊያን በ1941 ከተባረረ በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የገባው ይኸው ሽልንግ ከጠገራ ብር ጎን ለጎን ሲሠራበት ቆይቶ በ1945 የኢትዮጵያ አዲስ ገንዘብ ሲወጣ ነው የተተካው። የባልቴቲቱ ባል በጦርነቱ ጊዜ ምሥራቅ አፍሪካ እንደነበሩ እማማ ነግረውኛል፤ ምናልባት በኪሳቸው ተመልሶ የመጣ ይሆናል። ከእንግሊዙ ክምር አውጥቼ በራሱ ፖስታ አኖርኩት፤ ያ ክምር 87 ሆነ።

ረቡዕ

የመጨረሻ አኃዙ የጠፋው ሐፍ ክራውን። የሚታየው «194» ብቻ ነው። በጀርባው «የህንድ ንጉሠ ነገሥት» የሚለው የላቲን ምሕጻር፣ «ኢንድ ኢምፕ»፣ አሁንም ስላለ ከ1949 በፊት መታተሙ የታወቀ ነው፤ ህንድ ነጻ ከወጣች በኋላ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ከሳንቲሙ ላይ ተነሥቷልና። ስለዚህ ከ1940 እስከ 1948 ባለው ጊዜ የታተመ ነው፤ ወይ ግማሹ ብር ነው፣ ወይ ጭራሽ ብር የለበትም። እዚህ ላይ ክብደት አይረዳም፤ የ1947ቱ አዲስ ቅይጥ ልክ በድሮው ክብደትና ስፋት ነው የታተመው።

የሚረዳው ውኃ ነው። አንድ ብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ሚዛኑን ወደ ዜሮ መለስኩት። ሳንቲሙን በቀጭን የስፌት ክር አንጠልጥዬ የብርጭቆውን ታችም ጎንም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ እንዲሰጥም አደረግኩ። በዚህ ጊዜ ሚዛኑ የሚያነበው የሳንቲሙን ክብደት ሳይሆን ሳንቲሙ የገፋውን የውኃ ክብደት ነው። የሳንቲሙን ደረቅ ክብደት ለዚህ ቁጥር ሲያካፍሉት እፍጋቱ ይወጣል። ግማሽ ብር የሆነው ቅይጥ ወደ 9.5 ገደማ፣ የመዳብና የኒኬሉ ወደ 8.9 ገደማ፣ ስተርሊንጉ ከ10.3 በላይ ነው።

መጀመሪያ ዓመታቸው በግልጽ የሚነበብ ሁለት ሐፍ ክራውኖችን ለማመሳከሪያ ሞከርኩ። የ1943ቱ ደረቅ ክብደቱ 13.98 ሲሆን የገፋው ውኃ 1.47 ነው፤ ሲካፈል 9.51። የ1948ቱ ደረቅ ክብደቱ 14.08፣ የገፋው 1.57፤ ሲካፈል 8.97። ከዚያ አጠራጣሪው፦ ደረቅ ክብደቱ 14.02። ክሩ ላይ የተጣበቁትን ጥቃቅን የአየር አረፋዎች በጣቴ እያራገፍኩ ሦስት ጊዜ አጠለቅኩት፤ 1.47፣ 1.48፣ 1.47። ውጤቱ 9.5 ነው። ብር አለበት። ልዩነቱ የግራም አንድ አሥረኛ ብቻ ስለሆነ አንዲት የአየር አረፋ ፍርዱን ልትገለብጠው ትችላለች፤ መደጋገሙ የግድ ነው። ፖስታው ላይ ሦስቱንም ቁጥሮች ጽፌ ወደ ሁለተኛው ክምር መለስኩት። አሁን 88 ሆኑ።

ቅዳሜ፣ ሁለተኛው ሳምንት

ዛሬ የሀያ ስምንቱ የስተርሊንግ ሳንቲሞች ቀን ነው። ለዚህ ነው ሳምንቱን ሙሉ የጓጓሁት።

አሥራ ሦስቱ የንግሥት ቪክቶሪያ ናቸው። ንግሥቲቱ ከ1837 እስከ 1901 ስለነገሡ ፊታቸው በሳንቲሙ ላይ አብሯቸው ያረጃል፤ መለያውም ይኸው ፊት ነው። ጸጉራቸውን በሪባን ያሰሩት ወጣት ፊት እስከ 1887 ቆየ። በዚያ ዓመት ለሃምሳኛው የንግሥና በዓላቸው ትንሽ ዘውድ ጭንቅላታቸው ላይ ጉብ ያለበት፣ ቦም የተባለው ቀራፂ የሠራው ፊት መጣ። ከ1893 ጀምሮ ደግሞ ብሮክ የቀረጸው፣ ነጠላ መሰል መሸፈኛ የለበሱት የአሮጊት ፊት ነው። ዓመቱ ባይነበብ እንኳ ፊቱ ብቻ ዘመኑን ያቀርበዋል።

አንዱ ፍሎሪን «ጎቲክ» የሚባለው ነው። ፊደሎቹ እንደ መካከለኛው ዘመን የብራና ጽሑፍ የተጠማዘዙ ናቸው፤ ዓመቱም በአኃዝ ሳይሆን በሮማውያን ፊደል ነው የተጻፈው። በመነጽር እየተከተልኩ አንድ በአንድ ጻፍኳቸው፦ ኤም፣ ዲ፣ ሦስት ጊዜ ሲ፣ ኤል፣ ሁለት ጊዜ ኤክስ፣ ሁለት ጊዜ አይ። አንድ ሺህ፣ አምስት መቶ፣ ሦስት መቶ፣ ሃምሳ፣ ሃያና ሁለት ሲደመር 1872 ይሆናል። ከንግሥቲቱ ደረት በታች የማተሚያ ብረቱ መለያ ቁጥር በጣም ደቆ ተቀምጧል፤ ከ1864 እስከ 1879 ድረስ ማተሚያ ቤቱ በእነዚህ ሳንቲሞች ላይ ያኖረው የነበረ ነው። ከንግሥቲቱ ሹሩባ የተወሰነው ክር ይታያል፣ ፊደሎቹ ሁሉም ይነበባሉ፤ መልካም ሳንቲም ነው። በዚያው ዓመት የታተመ አንድ ሽልንግም አለ፤ እሱም ከዓመቱ በላይ ቁጥር አለው፣ ፊቱ ግን ያለቀ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ያቆመኝ ግን አንዲት የ1887 ሲክስፔንስ ናት። በጀርባዋ ጋሻ ብቻ ነው ያለው፤ «ሲክስፔንስ» የሚል ቃል የትም የለባትም። ማተሚያ ቤቱ በዚያ ዓመት ያወጣው ይህ ንድፍ ከወርቁ ግማሽ ሶቨሪን ጋር በስፋትም በጋሻውም ስለሚመሳሰል፣ ሰዎች ወርቅ ቀብተው ስድስቱን ፔንስ እንደ አሥር ሽልንግ ያሳልፉት ጀመር። ሃያ እጥፍ ነው! በዚሁ ምክንያት ንድፉ በዚያው ዓመት ተነሣና ዋጋው በቃል የተጻፈበት ተተካ። የእማማዋን ሲክስፔንስ መብራቱን ወደ ጎን አጋድሜ ሳያት፣ ከጋሻው ማዕዘን ሥርና ከፊደሎቹ እግር ውስጥ እንደ እርድ ዱቄት ያለ ቢጫ ተጣብቆ አየሁ። ከፍ ከፍ ያለው ቦታ ላይ የለም፤ ተፍቆ ሄዷል። አንድ ሰው ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ወርቅ ቀብቷታል ማለት ነው። ሚዛን የሚያውቅ ባለ ሱቅ ግን አይታለልም ነበር፤ ግማሽ ሶቨሪን ወደ 4 ግራም ሲጠጋ እሷ 2.8 ናት። ይህ ንድፍ ሰዎች ለማስታወሻ ብዙ ስላስቀመጡት ብርቅ አይደለም፤ ቅቡም ለተራ ሰብሳቢ ጉድለት ነው። እኔ ግን ለታሪኳ ስል ለብቻዋ አስቀምጫታለሁ።

አንዱ ክራውን የ1889 ነው። በጀርባው ፒስትሩቺ የቀረጸው ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲረግጥ አለ። ከቆርቆሮው ትልቁና በመጀመሪያ እይታ እጅግ የሚያምረው እሱ ነበር፤ መነጽር ሲገባበት ግን ሜዳው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ በሚሄዱ ስስ ጭረቶች የተሞላ ነው። አንድ ጊዜ በማጽጃ ተወልውሏል። ከብሩ ዋጋ ብዙ አይበልጥም።

እሑድ

የንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ሳንቲሞች አምስት ናቸው፤ ከመካከላቸው አንድ ሐፍ ክራውን አለ። በዚህ ንጉሥ ዘመን የታተሙት ሳንቲሞች የፊት ቅርጻቸው ጥልቀት ስለሌለው ቶሎ ያልቃሉ፤ በዚህኛውም ላይ ለንጉሡ ጆሮና ጢም ብቻ ቀርቷቸዋል። ዓመቱ «190» ብሎ ይጀምርና የመጨረሻው አኃዝ ጠፍጥፎ ወደ አንድ እብጠት ተለውጧል። በእጅ መነጽር ሳየው 5 መሰለኝ።

የ1905 ሐፍ ክራውን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ልቡ መምታቱ አይቀርም። በዚያ ዓመት የታተመው 166,008 ብቻ ነው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለመገበያያ ከታተሙት ሐፍ ክራውኖች ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው አንዱ ነው፤ ቢያልቅም እንኳ ከብሩ ዋጋ ብዙ እጥፍ ያወጣል። ስለሚፈለግም ሐሰተኛው ብዙ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ክብደቱን አየሁ፤ 13.5 ግራም፣ ለእርጅናው የሚገባ። ጠርዙ ላይ የመገጣጠሚያ መስመር የለም፣ የጠርዙም ጥርሶች እኩል ናቸው። በውኃ ፈተናም ስተርሊንግ ሆነ። ሳንቲሙ እውነተኛ ነው፤ የቀረው አኃዙ ነው።

ክፍሉን አጨልሜ መብራቱን በጠረጴዛው ልክ ዝቅ አደረግኩና ሳንቲሙን እያዞርኩ ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶግራፍ አነሣሁ። ብርሃን ከጎን ሲመጣ የጠፋ መስሎ የነበረው ቅርጽ ጥላ ይጥላል። ከቀኝ ሲበራ ከላይ አንዲት ትንሽ ጫፍ ታየች፤ የ5 ኮፍያ ትመስላለች። ከታች ሲበራ ምንም የለም። ከግራ ሲበራ ግን የአኃዙ ግራ ጎን ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ ወርዶ ከታች ከክቡ ጋር ሲዘጋ በጥላው ላይ በግልጽ ወጣ። 5 በግራ በኩል ከታች ክፍት ነው፤ ይህ ዝግ ነው። ከዚያ ጨረታ ቤቶች ካሳተሟቸው የ1905 እና የ1906 ፎቶግራፎች ጋር አስተያየሁት። 1906 ነው።

አዝኛለሁ፤ ለእማማ ስል። ግን 5 ብዬ ብጽፈው ኖሮ ገዢው በአንድ እይታ ያርመው ነበር፤ ከዚያ በኋላም በሌሎቹ ፖስታዎች ላይ የጻፍኩትን ሁሉ ለማመን ይቸገር ነበር።

ሰኞ

የትናንቱ ነገር ስለቆጨኝ የሁለተኛውን ክምር እንደገና በዓመት ዝርዝር አሳለፍኩት፤ በመጀመሪያው እሑድ ድንበሩን ብቻ ነበር ያየሁት። ከፍሎሪኖቹ መካከል አንድ 1932 ተገኘ። በዚያ ዓመት የታተሙት ፍሎሪኖች 717,041 ናቸው፤ በሚሊዮኖች ከሚቆጠሩት ከአብዛኞቹ ጎረቤት ዓመታት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ሰብሳቢዎችም ያውቁታል። አኃዙ ጥርት ያለ ነው፤ መነጽርም አያስፈልገውም ነበር። የንጉሡ ቅንድብና የጢማቸው ክሮች በከፊል ስለሚታዩ ፖስታው ላይ «ቬሪ ፋይን» ብዬ ጻፍኩ። በእንግሊዞች አመዳደብ «ፋይን» ማለት በጣም የተሠራበት ግን ዋናው ቅርጽ ያልጠፋ፣ «ቬሪ ፋይን» በመጠኑ የተሠራበት፣ «ኤክስትሪምሊ ፋይን» እጅ ብዙ ያልነካው ነው። በእነዚህ በሁለትና በሦስት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ዋጋውን እጥፍና ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል።

ሐሙስ

ሒሳቡ። የስተርሊንጉ 28 ሳንቲሞች የዋጋ ድምራቸው 40 ሽልንግ ከ3 ፔንስ ነው። በደንቡ 227.6 ግራም ሊመዝኑ ይገባ ነበር፤ በሚዛኔ 218.4 ናቸው፤ 4 በመቶው በዘመናት እጅ ውስጥ ቀርቷል። በ0.925 ሲባዛ ንጹሕ ብሩ 202 ግራም። 88ቱ ግማሽ ብሮች 124 ሽልንግ ከ3 ፔንስ ናቸው፤ በደንቡ 702.6፣ በሚዛኔ 689 ግራም፤ ንጹሕ ብሩ 344.5። በድምሩ 546.5 ግራም ንጹሕ ብር።

በስልኩ ገዢ አቆጣጠር ግን ሁለቱም ክምር ተደምሮ 907.4 ግራም ይሆንና ግማሹ 453.7 ይወጣል። ልዩነቱ 92.8 ግራም ንጹሕ ብር ነው። ለስሌት እንዲመች ግራሙ 1 ፓውንድ ነው ብንል እንኳ እማማ ወደ 93 ፓውንድ ያጡ ነበር፤ ያውም የጎቲኩ ፍሎሪንና የ1932ቱ በግራም ሄደው ማለት ነው።

በየዓመቱ በሚታተሙት የዋጋ መጻሕፍት ላይ ያለው ቁጥር ነጋዴው ለሰብሳቢ የሚሸጥበት እንጂ ከሻጭ የሚገዛበት አይደለም፤ በኢንተርኔት ላይ «ይሸጣል» ተብሎ የተለጠፈውም የባለቤቱ ምኞት ነው። እኔ የተከተልኩት የጨረታ ቤቶች ያሳወቁትን፣ በእርግጥ የተከፈለውን ዋጋ፣ በዚያው የእርጅና ደረጃ ላይ ካለ ሳንቲም ጋር እያስተያየሁ ነው። በዚህ መንገድ ከግራም በላይ ሊታዩ የሚገባቸው አምስት ሆኑ፤ የጎቲኩ ፍሎሪን፣ የ1932ቱ ፍሎሪን፣ የ1887ቷ ሲክስፔንስ፣ የ1872ቱ ሽልንግና ክራውኑ። የቀሩት 111 በንጹሕ ብራቸው ይሸጣሉ።

አንድ ነገር ደግሞ እማማን አስጠንቅቄያለሁ። «ለቀለበት አቅልጠን ብንሠራውስ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። በ1971 የወጣው የእንግሊዝ የሳንቲም ሕግ ከግንቦት 16 ቀን 1969 በኋላም ሕጋዊ ገንዘብ ሆነው የቆዩትን ሳንቲሞች ያለ ፈቃድ ማቅለጥ ይከለክላል፤ ሐፍ ክራውን ከገበያ የወጣው በ1969 ማብቂያ ላይ ነውና ሕጉ እሱንም ይይዘዋል።

ቅዳሜ፣ ሦስተኛው ሳምንት

ከእማማ ጋር ወደ ሳንቲም ገበያ ሄድን። የፖስታዎቹን ዝርዝር ለሦስት ነጋዴዎች አሳየሁ። ሦስቱም መጀመሪያ የጠየቁት ዓመቱን፣ ቀጥሎ ሚዛኑን ነው፤ ሁለቱን ክምሮች አንድ ላይ የመዘነ አልነበረም። የተሻለ ያቀረበው 111ዱን በንጹሕ ብራቸው ልክ የራሱን ትርፍ ብቻ ቀንሶ ወሰደ። ዓመት አልባውን ሐፍ ክራውን አገላብጦ አየና የጻፍኩለትን ሦስት የውኃ ቁጥሮች አንብቦ ወደ ብሩ ጎን አኖረው። የመዳብና የኒኬሎቹን 41 ማንም አልፈለጋቸውም፤ እማማ ለልጅ ልጆቻቸው ቁጥር መማሪያ አስቀርተዋቸዋል።

የምሥራቅ አፍሪካውን ሽልንግ ሳሳያቸው ወደ መብራቱ አስጠግተው አንበሳውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «አባቴ ‹በሽልንግ ጊዜ› እያለ ሲያወራ እሰማ ነበር፤ ይኸው ነው እንዴ?» አሉኝ። ይኸው ነው አልኳቸው። እሱ አይሸጥም ብለው ወደ ቦርሳቸው ከተቱት።

ሐሙስ

አምስቱን የሰጠነው ጨረታ ቤት መልስ ጻፈ። አራቱን እንደ ጻፍኩት ተቀብሏቸዋል። የ1932ቱን ፍሎሪን ግን ከንጉሡ ጆሮ በስተኋላ ባለች፣ እኔ የልባሱ ጥላ ናት ብዬ ባለፍኳት ጭረትና በቅንድቡ መበላት የተነሣ ከ«ቬሪ ፋይን» ወደ «ፋይን» ዝቅ አድርጎታል። ፎቶግራፌን አውጥቼ ከግራ በኩል በበራው ላይ አየኋት፤ ጭረት ናት። የማስታወሻዬን ቁጥር አርሜ ለእማማ አዲሱን ግምት ነገርኳቸው።